ጌሞ ሲገባ የሚጸናው ደንብ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2000 ሰሜን ዩጋንዳ፣ ጉሉ ውስጥ ኢቦላ መግባቱ ይፋ ሆነ። የጤና ባለሙያዎቹ ጥፋተኛውን ለማግኘት አልተቸገሩም፤ የአካባቢው ሕዝብ የአቾሊዎች ቀብር ነው ተባለ። ሬሳ ይታጠባል፣ ለቀስተኛ ይነካዋል፣ በሽታውም ለቀስተኛውን ተከትሎ ይሄዳል። እውነትም ነበር። ግን ሰዉ አምቡላንስ ሲያይ የሚሸሸው ለምንድን ነው? የሟችና የታማሚ ቆጠራ ይህን አይመልስም።

የዓለም ጤና ድርጅት አንትሮፖሎጂስቱን ባሪ ሂውሌትን ጋበዘ። እሱና ዩጋንዳዊው ሪቻርድ አሞላ ከዳኑት፣ ከሽማግሌዎችና ከባህል ሐኪሞች ጋር ቁጭ ብለው ማውጋት ያዙ። የሽሽቱ ምክንያት ወጣ፦ ሟቹ በከረጢት ተጠቅልሎ፣ ዘመድ ፊቱን ሳያይ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ይቀበራል። «አካሉን ይሸጡታል» የሚል ወሬ ተነዛ። ልጁን ሳይሰናበት የቀረ አባት ይህን ቢያምን አልፈርድበትም።

ያልተጠበቀው ግን ሌላ ነበር። ሞቱ ሲበዛ ሽማግሌዎች በሽታውን «ጌሞ» ብለውት ነበር፤ ድንገት መጥቶ ብዙ ሰው የሚፈጅ መንፈስ ነው። ጌሞ ከተባለ ኑሮው ሁሉ ይለወጣል። በሽተኛው ከሌላው ቤት ቢያንስ 100 ሜትር ርቆ ለብቻው ይቀመጣል። የሚያስታምመው ከበሽታው የተረፈ ሰው ነው፤ ከታጣ አዛውንት። በደጃፉ ግራና ቀኝ ረጃጅም የሣር አገዳ ይቆማል። ከመንደር መንደር መሄድ፣ ጭፈራ፣ የባልና የሚስት መኝታ ይቀራል። የዳነም አንድ ሙሉ ጨረቃ ሳያልፍ አይወጣም። ቢሞት፣ በደህናው ጊዜ ሬሳ የምታጥበው የአባት እህት አትነካውም፤ ከጌሞ የተረፈ ሰው መንደሩ ዳር ይቀብረዋል።

ባለሙያዎቹ ሊያስተምሩ የመጡት አብዛኛው ነገር እዚያው ነበር። ቤት ውስጥ ክፉ ቃል አለመናገርም ከደንቡ አንዱ ነው፤ ቫይረስ ባያቆምም ማንንም አይጎዳም። ያው ባህል ሁለት ቀብር ነበረው፤ አንዱ በሽታውን ያዛምታል፣ ሌላው ይገታዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የሽማግሌዎች ቃል ነው። ለጤና ቢሮ ይህ ትልቅ መረጃ ነው፦ ቀብር ከመከልከል በፊት ሽማግሌዎቹን ቶሎ ማማከር ያዋጣል ማለት ነውና።

ጉሉን ጨምሮ በወረርሽኙ 425 ሰዎች ታመው 224 ሞቱ፤ ጉሉ ያለው የላኮር ሆስፒታል ዶክተር ማቲው ሉክዊያ አንዱ ነበሩ። ምዕራብ አፍሪካ ላይ ኢቦላ በማርች 2014 ሲታወጅ ግን ከረጢቱና ጥድፊያው ተመለሱ። ቤተሰብ የሚማከርበት፣ ለሙስሊም ሟች በውሃ ትጥበት ፋንታ በአፈር የሚደረገውን ተየሙም የሚፈቅደው የዓለም ጤና ድርጅት የቀብር መመሪያ የወጣው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ነው።