ጥምዝምዝ ጋላክሲዎችና ከዋክብቶቻቸው የሚፈጠሩበትና የሚለወጡበት ሂደት

ከከተማ መብራት ርቆ ጨረቃ በሌለችበት ጥርት ያለ ምሽት ወደ ሰማይ ለሚመለከት ሰው፣ ከአድማስ አድማስ የተዘረጋ ነጣ ያለ የብርሃን ጎዳና ይታየዋል። በግዕዝ ስያሜው ፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም የወተት መንገድ፣ የሚባለው ይህ ጎዳና ፀሐይንና ምድርን ጨምሮ ከ100 ቢሊዮን በላይ ከዋክብት የሚገኙበት ጥምዝምዝ ጋላክሲ ነው። የጋላክሲው ዲስክ ከዳር እስከ ዳር 100 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ፀሐይ ከማዕከሉ 26 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ርቃ ትገኛለች።

ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ሌሎች ጋላክሲዎች መኖራቸው የተረጋገጠው መቶ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። አሜሪካዊቷ ሄንሪዬታ ሌቪት እ.ኤ.አ በ1912 ብርሃናቸው በየጊዜው ከፍና ዝቅ የሚል ከዋክብትን ለርቀት መለኪያነት መጠቀም የሚያስችል ግንኙነት ይፋ አደረገች። በዚህ ዘዴ የተጠቀመው ኤድዊን ሃብል አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ የሚገኝ ራሱን የቻለ ጋላክሲ መሆኑን እ.ኤ.አ በ1920ዎቹ አጋማሽ አረጋገጠ። የአንድሮሜዳ ርቀት 2 ነጥብ 5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። ዛሬ የሚታየው ብርሃኑ ጉዞውን የጀመረው ከ3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በአፋር ምድር ከኖረችው ድንቅነሽ ወይም ሉሲ ዘመን በኋላ መሆኑ ነው።

ዩኒቨርስ ከ13 ነጥብ 8 ቢሊዮን ዓመት በፊት መስፋፋት በጀመረበት ወቅት በዋናነት የነበሩት ንጥረ ነገሮች ሃይድሮጂንና ሂሊየም ነበሩ። ጋዙን ወደ አንድ ሥፍራ የሰበሰበው በአብዛኛው የማይታየው ስውር ቁስ ስበት እንደሆነ ሳይንቲስቶች ያስረዳሉ። ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ እ.ኤ.አ በ1970 ይፋ ባደረጉት ጥናት በአንድሮሜዳ ዳርቻ የሚገኙ አካላት ከተጠበቀው በላይ በፍጥነት እንደሚዞሩ ማሳየታቸው ለስውር ቁስ መኖር ከቀረቡት ዋነኛ ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል። የተሰበሰበው ጋዝ ሙቀቱን እያጣ ሲኮማተር ሽክርክሪቱ ይፈጥናል፤ በዚህም ምክንያት ጠፍጣፋ ዲስክ ይሆናል።

የጥምዝምዝ ጋላክሲ ክንዶች ሁልጊዜ ከእነዚያው ከዋክብትና ጋዝ የተሠሩ ቋሚ አካላት አይደሉም። ቢሆኑ ኖሮ ውስጠኛው ክፍል ዙሩን ፈጥኖ ስለሚያጠናቅቅ በጥቂት ዙሮች ተጠቅልለው በጠፉ ነበር። ሲ.ሲ. ሊንና ፍራንክ ሹ እ.ኤ.አ በ1964 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት ክንዶቹ የጥግግት ሞገድ ናቸው። ነገሩ በኬላ ላይ ከሚታይ የተሽከርካሪ ሰልፍ ጋር ይመሳሰላል፤ መኪናዎቹ አንድ በአንድ ያልፋሉ፣ ሰልፉ ግን ይቆያል። ጋዝም ወደ ክንዱ ሲገባ ይጨናነቃል፤ አዳዲስ ከዋክብትም በብዛት የሚወለዱት በዚሁ ሥፍራ ነው።

ኮከብ የሚወለደው እጅግ ቀዝቃዛ የሆነ የጋዝና የአቧራ ደመና በራሱ ስበት ሲወድቅ ነው። የማዕከሉ ሙቀት ወደ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሃይድሮጂን ወደ ሂሊየም መለወጥ ይጀምራል። የ4 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ፀሐይ በዚህ ሁኔታ በጠቅላላው 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል ትቆያለች። እጅግ ግዙፍ የሆኑ ከዋክብት ግን ነዳጃቸውን በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ጨርሰው በሱፐርኖቫ ፍንዳታ ያልፋሉ። በደማችን ውስጥ የሚገኘው ብረትና በአጥንታችን ያለው ካልሲየም የተሠሩት ከፀሐይ በፊት በኖሩ ከዋክብት ውስጥና በፍንዳታቸው ነው።

ጋላክሲ ልክ እንደ በጀት ገቢና ወጪ አለው። ከዋክብት ጋዝ ይወስዳሉ፤ ሲሞቱ የተወሰነውን ይመልሳሉ፤ ከውጭም አዲስ ጋዝ ይገባል። ገቢው ሲቀንስ የከዋክብት ልደት እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ፍኖተ ሐሊብ በአሁኑ ወቅት በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ፀሐይ የሚመዝን ጋዝ ገደማ ወደ ከዋክብት ይለውጣል። ጋላክሲያችን ሌሎችንም ውጦ ማደጉ ተረጋግጧል፤ ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር በሰበሰበችው መረጃ ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንድ አነስተኛ ጋላክሲ ከፍኖተ ሐሊብ ጋር መቀላቀሉ እ.ኤ.አ በ2018 ታውቋል። ከአንድሮሜዳ ጋር የሚኖረው ግጭት እ.ኤ.አ በ2012 እንደማይቀር ቢገለጽም፣ በ2025 የወጣ ጥናት በመጪዎቹ 10 ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ የመከሰት ዕድሉን ወደ 50 በመቶ ገደማ ዝቅ አድርጎታል።

ለልማት ቅድሚያ በሚሰጥ አገር ይህ ዕውቀት ምን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ብርሃንን የመለካት፣ ብዙ መረጃ የማጠናቀርና ስሌት የመሥራት ችሎታ ለሳተላይት፣ ለካርታና ለአየር ትንበያ ሥራም መሠረት ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የሚገኙ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ መብራት ግን በቅርብ ርቀት ላይ ነው። የመንገድና የሕንፃ መብራቶች ወደ ታች ብቻ እንዲያበሩ ማድረግ ኃይል ይቆጥባል፤ ሰማዩንም ለተመራማሪው ያቆያል። ውሳኔው በሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ብቻ የሚያልቅ ሳይሆን፣ የከተማ ፕላንና የኃይል አቅርቦት ኃላፊዎችንም የሚመለከት ነው።