ቢስክሌተኛ ሲመሽበት የት ይደር?

በባዕድ አገር በቢስክሌት ረዥም መንገድ የሄደ ሰው ጨዋታ ሲጀምር፣ ብዙውን ጊዜ የሚነግረን የተጓዘውን ኪሎ ሜትር፣ የወጣውን ዳገትና የፈነዳበትን ጎማ ነው። የት እንዳደረ ካልጠየቅነው አያነሣውም። እኛ ግን የጉዞው ዋና ነገር ይኸው ይመስለናል። እግር በልምምድ ይጠነክራል፤ በየማታው የሆቴል ሒሳብ ለመክፈል ግን የተማሪም ሆነ የጀማሪ ሠራተኛ ኪስ አይችልም።

በአገራችን የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ዓይነቱ ደግነት የለም ማለት ስሕተት ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ እንግድነት በማኅበርና በሕግ የተደራጀ፣ አስቀድሞም የሚነገር መሆኑ ነው።

ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ መምህር በ1909 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ብርቱ ዝናብ ያዘውና በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አደረ። ትምህርት ቤቶች በዕረፍት ወራት ባዶአቸውን ከሚቆሙ ለወጣት መንገደኞች ማደሪያ ቢሆኑስ የሚለው ሐሳብ የመጣለት ያን ጊዜ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በአልቴና ከተማ ባለው ጥንታዊ ግንብ ውስጥ ማደሪያ ተከፈተ። ዛሬ በብዙ አገር የሚገኘው የወጣቶች ሆስቴል ከዚያ የተወለደ ነው።

በሆላንድ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አንድ ማኅበር ደግሞ በቢስክሌት ወይም በእግር የሚጓዝ አባሉን በየሰዉ ቤት በአነስተኛ ዋጋ ያሳድራል፤ ቁርስም አለው። በ1993 ዓ.ም. የተጀመረው «ዋርም ሻወርስ»፣ ማለት «ሙቅ መታጠቢያ»፣ የማደሪያ ገንዘብ አያስከፍልም፤ ዛሬ ያስተናገደ ቢስክሌተኛ ነገ በሌላው ቤት እንግዳ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን የአሜሪካው ነው። በ1976 ዓ.ም. አገሪቱ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር፣ ከኦሪገን እስከ ቨርጂኒያ ከ6,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የቢስክሌት መንገድ ተቀየሰና በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሄዱበት። አፍተን በምትባል የቨርጂኒያ ተራራማ መንደር ጁን ከሪ የተባሉ ሴት ውሃ ለለመኗቸው ተጓዦች ብስኩትም ጨመሩላቸው፤ በኋላም አጠገባቸው ያለውን ቤት ማደሪያ አደረጉት። ያደሩትም ከየአገራቸው ፖስታ ካርድ እየላኩ ግድግዳውን ሞሉት። እኒህ ሴት በ2012 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ «የብስኩቷ እመቤት» ይባሉ ነበር። በዚያው መንገድ ላይ ባሉ የካንሳስ ትንንሽ ከተሞችም ለቢስክሌተኛ በከተማው መናፈሻ ድንኳን መትከል የተለመደ ነው።

ድንኳን የያዘ ሰው ግን ሜዳ ሁሉ የእኔ ነው ብሎ እንዳያስብ። በስዊድን ከሰው ቤት ራቅ ብሎ፣ ምንም ሳያበላሹ፣ አንድ ሌሊት ማደር የሁሉ ሰው መብት ነው። በሆላንድ ይህንኑ ማድረግ ክልክል ነው።

ሰው በሚለመንበት ጊዜ ደግሞ ሰዓቱ ብዙ ይወስናል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ውሃ ጠይቆ፣ ቀጥሎም ድንኳን የሚተክልበትን ሣር የሚለምን መንገደኛ እንግዳ ነው፤ በጨለማ በር የሚያንኳኳው ግን ያስፈራል። ክፍል ከመለመን ሣር መለመን ይሻላል። ባለቤቱ ከወደደ ራሱ ግባ ይላል።

ለእኛ አገር ወጣት ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ሌላ ዳገት አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለሸንገን አገሮች ቪዛ ሲያመለክት የማደሪያ ማስረጃ ይጠየቃል። ቢስክሌተኛ ደግሞ ነፋሱና ዳገቱ የት እንደሚያደርሱት እንዴት አድርጎ አስቀድሞ ያውቃል? ያላየው አስተናጋጅስ ስለ እርሱ ዋስ ሆኖ ይፈርማል ብሎ ተስፋ ማድረግ ይከብዳል። ስለዚህ መንገዱን ሌሊት በሌሊት ከፍሎ ጽፎ፣ በየሆስቴሉ ቦታ አስይዞ መቅረብ የሚሻል ይመስለናል። ቀኖቹም ሰፋ ብለው ይታቀዱ፤ በቀን 100 ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ ብሎ የጻፈ ሰው ዝናብ የያዘው ዕለት የያዘው አልጋ ወደ ፊት፣ እርሱ ወደ ኋላ ይቀራሉ።