ቡሄ በጋራ መኖሪያ ቤቶች ደጅ

ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል፣ ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን በታቦር ተራራ የገለጠበት መታሰቢያ መሆኑ ይታወቃል። በሕዝቡ ዘንድ ቡሄ እየተባለ የሚጠራው ይኸው በዓል ከሌሎች በዓላት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ በማዕድ ዙሪያ ብቻ ሳይሆን በደጅ የሚከበር በዓል ነው። ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ አባወራውን በዜማ ያወድሳሉ፤ እማወራዋም ሙልሙል ይዛ ብቅ ትላለች። ጅራፍ ይጮኻል፤ በዋዜማው ምሽት ችቦ ይበራል። ያለ ደጅ ቡሄ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ የበዓሉን መቃረብ ምክንያት በማድረግ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ አዲስ አበባ ወደ ላይ ማደግ ስትጀምር፣ ያ ደጅ ወዴት ሄደ?

ደጅ በቀድሞው ሠፈር

በልደታም ሆነ በፒያሳ፣ በካዛንችስም ሆነ በአራት ኪሎ የነበሩት የቆዩ ሠፈሮች ቤቶቻቸው ጠባብ ነበሩ። ቤቱ ስለጠበበም የኑሮው እኩሌታ በደጅ ይውል ነበር። በርበሬው የሚሰጣው በደጅ፣ ልጁ የሚጫወተው በደጅ፣ የሐዘን ድንኳን የሚተከለው በደጅ ነበር። መንገደኛው በር ላይ ከተቀመጡት እናት ጋር ሰላምታ ሳይለዋወጥ አያልፍም። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ በማለዳ ሲያልፍ ድምፁን ያልሰማ ቤት አይኖርም። ከአንድ ቤት ጭስ ሳይታይ ከዋለ ጎረቤት፣ «ምን ሆነው ይሆን?» ብሎ ያንኳኳል።

ይህን ስንል ግን ድህነትን በናፍቆት ማስጌጣችን አይደለም። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 መሠረት ወደ መንግሥት የተዛወሩ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ። ለረጅም ጊዜ ተገቢው ዕድሳት ሳይደረግላቸው ጣሪያቸው አርጅቶ፣ የጭቃ ግድግዳቸው ተቦርቡሮ ቆይተዋል። አንዱን መጸዳጃ ቤት በርካታ አባወራዎች ሲጋሩት ኖረዋል። በክረምት ሌሊት ጣሪያ የሚያፈስበት ሰው ስለ ሠፈር ፍቅር የሚነገረው ስብከት አያሞቀውም።

ወደ ላይ የተሠራው ቤት

በ1996 ዓ.ም. ገደማ በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ይህንኑ ችግር ለማቃለል የታሰበ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጀሞ፣ በልደታ፣ በአያት፣ በየካ አባዶ፣ በኮዬ ፈጬና በሌሎችም ሥፍራዎች ሕንፃዎች በረድፍ ቆመዋል። የመጀመሪያዎቹ በአብዛኛው ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያላቸው፣ አሳንሰር የሌላቸው ናቸው፤ በ40/60 መርሐ ግብር የተሠሩት ደግሞ ከዚያ የረዘሙ ናቸው። ለብዙ ቤተሰብ የራሱ መጸዳጃ፣ የራሱ ማብሰያ፣ ከሁሉም በላይ የራሱ የሆነ ቤት ማግኘት ታላቅ የኑሮ ለውጥ ነው። በዕጣ አወጣጡም ለሴቶች 30 በመቶ ድርሻ እንዲለይ መደረጉ የሚመሰገን ነበር።

ይሁን እንጂ ዕጣው ቤት እንጂ ጎረቤት አይሰጥም። ለዓመታት አብረው ቡና ሲጠጡ የኖሩ ሁለት እናቶች፣ አንዷ ወደ ጀሞ፣ ሌላዋ ወደ የካ አባዶ ሊደርሳቸው ይችላል። ሕንፃውንና ፎቁንም የሚወስነው ዕጣው ነው። ከዚህም በላይ ዕጣ የወጣላቸው አያሌ ሰዎች የባንኩን ዕዳ ለመክፈል ሲሉ ቤታቸውን ያከራያሉ። ተከራይም ኪራይ ሲጨምርበት ይለቃል። ስሙ ተለምዶ ሳያበቃ የሚሄድ ጎረቤት ለዕድርም ለማኅበርም አስቸጋሪ ነው።

በዚህ ላይ አጥሩና የጥበቃው በር አለ። አጥሩ ለደኅንነት ሲባል የታጠረ ስለሆነ ነቀፌታ አይገባውም። ነገር ግን በቡሄ ዕለት ከሌላ ግቢ የሚመጡ ልጆች ከበሩ ላይ የሚመለሱበት ጊዜ አለ። ቢገቡም እንኳ በግቢው መካከል ቆመው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ፤ ዜማው የትኛውን ቤት እንደሚያወድስ ለዘማሪዎቹም ግልጽ አይሆንም።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጉልበታቸው ደረጃ መውጣትና መውረድ የከለከላቸውን አንዲት አረጋዊት እናስብ። በቀድሞው ሠፈር በር ላይ በመቀመጥ ብቻ ከሰው ጋር ይውሉ ነበር። ዛሬ ግን በራቸው የሚከፈተው ወደ መተላለፊያ ነው። ሦስት ቀን ባይታዩ ማን ያስተውላል? የጥሩምባው ድምፅም እንደ ቀድሞው በየደጁ አያልፍም፤ መርዶው በደረጃው ግርጌ በተለጠፈ ወረቀት ወይም በስልክ መልእክት ሆኗል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው የአባቶች ብሂል የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

የጋራ የሆነውን ማን ይጠብቀው?

ደግነቱ፣ ደጁ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ባለቤት የሚፈልግ ሆኖ ተቀምጧል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃውን፣ መተላለፊያውንና ግቢውን የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ንብረት አድርጎታል፤ የሚያስተዳድረውንም ማኅበር ደንግጓል። ሕንፃዎቹ ሲነደፉም ለዕርድ፣ ለምግብ ዝግጅትና ለልብስ ማጠቢያ የሚያገለግል የጋራ ቤት እንዲኖር ታስቦ ነበር። በአንዳንድ ሥፍራ ይህ ቤት ለኪራይ ወይም ለሌላ አገልግሎት ውሏል። በሌላ በኩል ነዋሪዎች አዲስ ዕድር አቋቁመው ድንኳናቸውን በመኪና ማቆሚያው ላይ ሲተክሉ፣ በበዓል ቅርጫቸውን በግቢው ሲካፈሉ ይታያል። ደጁ ሲጠበቅ እንዲህ ይመለሳል።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ከካዛንችስ ለተነሡት ነዋሪዎችም ጥያቄው ይኸው ነው። አንድ ሠፈር ሲነሣ የሚቆጠረው ቤት ብቻ ከሆነ፣ ዕድሩና ደጁ ከሒሳብ ውጭ ይቀራሉ። ነዳፊዎች ለመኪና ማቆሚያ የሚመድቡትን ያህል ለልጆች መጫወቻና ለአረጋውያን መቀመጫ ቢያስቡ፣ የሠፈር ሰዎችም በአንድ ግቢ እንዲሰፍሩ ቢደረግ ብዙ ቁስል ይሽራል።

ከነዋሪው የሚጠበቀው ግን ከዚህ ይቀላል። ማኅበሩ ለጥበቃው፣ «ዛሬ ልጆቹን አስገባቸው» ማለት ይችላል። እማወራዎችም ሙልሙሉን ይዘው እስከ ደረጃው ግርጌ ቢወርዱ፣ መውረድ ለማይችሉት ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው እስከ አራተኛ ፎቅ ወጥተው ቢዘምሩላቸው፣ በዓሉ በዓል ይሆናል፤ ጎረቤትም ይተዋወቃል።

የዕለቱ ወንጌል ራሱ ይህንኑ ያስተምረናል። ቅዱስ ጴጥሮስ በተራራው ላይ ባየው ክብር ተደስቶ በዚያው ከፍታ ሦስት ዳስ ሊሠራ ፈልጎ ነበር። ነገር ግን በተራራው አልቀሩም። ወደ ታች ወረዱ፤ በግርጌውም ስለታመመ ልጁ የሚማልድ አንድ አባት ሲጠብቃቸው አገኙት። ከፍ ብሎ መኖር መልካም ነው፤ ሰው የሚጠብቀን ግን በታች፣ በደጅ ነው።

መልካም የደብረ ታቦር በዓል!