እሳት ሲነሳ ሰው ከሌለ ማን ያጠፋዋል?



ባለፈው ሳምንት ሳይንስ ሳስተምር አንዲት ተማሪዬ "ቲቸር፣ እሳት ሲነሳ ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ ማን ያጠፋዋል?" ብላ ጠየቀችኝ። በጋ ላይ የጎረቤቶቿ ራኩባ የተቃጠለ ጊዜ ሁላችንም ጀሪካን ይዘን ወደ ቧንቧው ሮጠን ነበር። ስንመለስ የጠበቀን አመድ ነው። ጥያቄዋ ከዚያ የመጣ ነው።

እኔም ካርቱም ትዝ አለኝ። ከጦርነቱ በፊት ሱቅ ዐረቢ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ በጽዳት እሠራ ነበር። ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ በየጥቂት ሜትሩ ትናንሽ ብረቶች ወጥተዋል፤ መሃላቸው ቀይ ፈሳሽ ያለባት ቀጭን ብልቃጥ አለች። እኛ ምን እንደሆነ ስለማናውቅ የታጠበ ጨርቅ እናሰጣበት ነበር። አንድ ቀን የቧንቧ ሠራተኛ አይቶ "ይሄ እኮ ከእሳት የሚያድናችሁ ነው!" ብሎ ተቆጣን።

ስሙ ስፕሪንክለር ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ጣሪያው ውስጥ ግፊት ያለው ውሃ የያዘ ቧንቧ ያልፋል። የቧንቧውን አፍ የያዘችው ያቺ ብልቃጥ ናት። እሳት ሲነሳ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፤ ፈሳሹ ሲሞቅ ያብጣል፤ ቀይዋ ብልቃጥ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስትደርስ ትሰበራለች። ውሃው እንደ ዝናብ ይወርዳል። መብራትም ሆነ ቁልፍ የሚነካ ሰው አያስፈልጋትም።

ብዙ ሰው ፊልም አይቶ "ትንሽ ጭስ ከታየ ቤቱ በሙሉ በውሃ ይጥለቀለቃል" ይላል። ለቤት የሚገጠመው እንደዚያ አይደለም። ጭስ አይከፍተውም፤ የሚከፈተውም ሙቀቱ የደረሰበት ብቻ ነው። ነገሩም አዲስ አይደለም፤ ሄንሪ ፓርምሊ የሚባል አሜሪካዊ የፒያኖ ፋብሪካውን ለመጠበቅ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1874 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል።

ትልቁ ጥቅሙ ጊዜ ነው። ስፖንጅ ፍራሽና መጋረጃ ያለበት ክፍል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሊቀጣጠል ይችላል። የእሳት አደጋ መኪና ግን መንገድ ይፈልጋል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም አዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት ሥራውን አክብዶት ነበር። ለንደን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ግሬንፌል የሚባል ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሞቱ። ከነዋሪዎቹ መካከል የእኛ አገር ሰዎችም ነበሩ። እሳቱ የተነሳው ከአንድ ቤት ፍሪጅ ነው፤ ሕንፃው ስፕሪንክለር አልነበረውም።

እውነቱን ለመናገር ስፕሪንክለርም ሁሉን አይችልም። ውሃ ከሌለ አይሠራም፤ ጋኑና ፓምፑ መጠበቅ አለባቸው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ጀምሮ ሱቅ ዐረቢ ሲቃጠል ነገሩ ከዚህ ሁሉ በላይ ነበር። ግን ነገ ቤት የምትሠሩ ወይም ፎቅ የምትከራዩ ትኖራላችሁና ጠይቁ። ካለ ቀለም አትቀቡት፣ ልብስም አትስቀሉበት።

"እኛ ላስቲክ ቤት ውስጥ እያለን ይሄ ምን ያደርግልናል?" ትሉኝ ይሆናል። ቧንቧው ባይኖረንም ሐሳቡን መውሰድ እንችላለን፤ ማጥፊያው እሳቱ ከመነሳቱ በፊት ቦታው ላይ ይገኝ።

አንደኛ፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ጀሪካን ውሃና አንድ ባልዲ አሸዋ በር ላይ አስቀምጡ። የሚቃጠል ዘይት ላይ ወይም መብራት ባለበት ሽቦ ላይ ግን ውሃ አትድፉ። ዘይቱን በክዳን ወይም በአሸዋ አፍኑት፤ መብራቱን መጀመሪያ አጥፉት።

ሁለተኛ፣ በቤትና በቤት መካከል ቢያንስ 2 ሜትር ይተው። በየ300 ሜትሩ ደግሞ 30 ሜትር ባዶ ቦታ እንዲኖር የእርዳታ ድርጅቶች መመሪያ ራሱ ይላል። ያንን ቦታ በራኩባ አንዝጋው።

ሦስተኛ፣ ምድጃ ጥዳችሁ ልጅ ብቻውን ትታችሁ አትሂዱ።

ለተማሪዬም የመለስኩላት ይህንኑ ነው፦ ሰው ባይኖርም፣ ሰው አስቀድሞ ያዘጋጀው ነገር ያጠፋዋል። ክፍላችን በር ላይ አሁን አንድ ባልዲ አሸዋ አለ፤ የሞሉት ተማሪዎቹ ናቸው። እናንተም ዛሬ ማታ ሙሉ።

እግዚአብሔር ከእሳት ይጠብቀን።