ከወጥ ቤት እስከ መድኃኒት ቤት

ጉንፋን ሲይዛችሁ አስቀድሞ ትዝ የሚላችሁ ሐኪሙ ነው ወይስ እናታችሁ? እኔን እንደ ሆነ ትዝ የምትለኝ እናቴ ናት። ነጭ ሽንኩርቱን ወቅጣ፣ ዝንጅብሉን ቀጥቅጣ፣ ከማር ጋር ለውሳ በማንኪያ ስታጎርሰኝ ቃጠሎው ዐይኔን ያስነባው ነበር። በማግስቱ ተሽሎኝ ስነሣ «አየህ!» ትለኛለች፤ ክርክሩም በዚያው ያበቃል።

ከቤተ ሰብ ርቀን በኪራይ ቤት የምንኖር ተማሪዎችና ሠራተኞችም ይህንኑ ልማድ ይዘን ወጥተናል። በክፍላችን ውስጥ መጽሐፍ ቢጠፋ እንኳ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አይታጣም። ታዲያ ይህን ልማድ የኋላ ቀር ሥራ ነው ብለው የሚንቁት አሉ፤ ለሁሉ በሽታ ይበቃል ብለው የሚመኩበትም አሉ። ሁለቱም ወገኖች የተሳሳቱ ስለ መሰለኝ፣ ከስሕተቱም እኔ ራሴ ስለ ቀመስሁ፣ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ ለሚንቁት ልናገር። ነጭ ሽንኩርት ሳይወቀጥ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ሲወቀጥ ግን በውስጡ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ይገናኙና አሊሲን የተባለውን ኀይለኛ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ያስገኛሉ። ይህንም ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1944 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለይተው አውጥተው ባክቴሪያን እንደሚያጠቃ በቤተ ሙከራ አሳይተዋል። እሳት አሊሲን እንዳይገኝ ስለሚያደርግ፣ እናቶቻችን ሽንኩርቱን ሳይቀቅሉ በጥሬው መውቀጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዝንጅብል ማቅለሽለሽን እንደሚያስታግስ በሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። በቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጅኖል የሚባል ዘይት ሕመምን ስለሚያደነዝዝ የጥርስ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። በደጋው አገራችን ከሻይ ጋር የምንጠጣው ጦስኝም ታይሞል አለበት፤ ይኸውም በአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒቶች ውስጥ የሚገባ ጀርም ገዳይ ነው።

አሁን ደግሞ ለሚመኩበት። በአንድ ቆላ ከተማ ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሦስት ቀን ከትምህርት ቀረ። ከገጠር መጥቶ ከአንዲት ደግ ሴት ቤት ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ነው። ልጠይቀው ስሄድ ቤቱን የዳማከሴ ሽታ ሞልቶታል፤ ልጁም ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል።

«ምች ነው፤ አያስቡ» አሉኝ የቤቱ እመቤት። «ዳማከሴውን አሽቼ አጠጥቼዋለሁ። ካላበው ይለቀዋል።»

እኔም፣ ዲግሪ አለኝ የምለው ሰው፣ «ነጭ ሽንኩርትም ይጨመርለት» ብዬ የሽንኩርቱን ዋጋ ከኪሴ ሰጥቼ ወጣሁ። እውነትም ልጁ አላበው፤ ትኩሳቱም በረደ፤ ሁላችንም ደስ አለን። ነገር ግን ወባ ሄደች ሲሏት የምትመለስ በሽታ ናት። በአምስተኛው ቀን ልጁ መቃዠት ጀመረ፤ በባጃጅ ጭነን ጤና ጣቢያ አደረስነው። ደሙ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። ያከመው ባለሙያ «በመጀመሪያው ቀን መጥቶ ቢሆን በክኒን ብቻ ይድን ነበር» አለን። ልጁ በመርፌ ታክሞ ተነሣ፤ ያ ንግግር ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ሴትዮዋ የሚያውቁትን ሁሉ አድርገዋል። የሚያውቀውን ያላደረገው እኔ ነበርሁ።

ልብ በሉ፤ ያን ልጅ ያዳነው መርፌም ቢሆን መነሻው ቅጠል ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው አርቴሚሲኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሚወጣውም የእኛ አሪቲ ዘመድ ከሆነ የቻይና ተክል ነው፤ ዘመዱ ነው ማለት ግን እርሱ ራሱ ነው ማለት አይደለም። ቻይናዊቷ ሊቅ ቱ ዩዩ ከ1600 ዓመት በፊት የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ሲመረምሩ፣ ቅጠሉ በውሃ ተዘፍዝፎ ይጨመቅ እንጂ ይፈላ እንደማይል አስተዋሉ። ሙቀት ኀይሉን ያጠፋው ይሆናል ብለው በአነስተኛ ሙቀት አወጡት፤ በእንስሳት ላይ ፈተኑት፤ በ1972 ደግሞ እርሳቸው ራሳቸው ጠጥተው ደኅንነቱን ሞከሩ። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ ከእናቶቻችን መድኃኒት የጎደለው ይህ ነው፤ መፈተንና መለካት።

ልክ ማጣትም ጉዳት አለው። በቡና የምንጠጣው አንድ ዘለላ ጤና አዳም ሽታው ደስ ያሰኛል፤ ብዙ ጨምቆ መጠጣት ግን ነፍሰ ጡርን እስከ ማስወረድ ሊያደርስ ይችላል፤ ጭማቂው ቆዳን ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘውም ያቆስላል። ደም እንዳይረጋ የሚከለክል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርት ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ማርም ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥ። ቅርንፉዱ የጥርሱን ሕመም ቢያስታግስም ቀዳዳውን እንደማይደፍነው አትርሱ።

ስለዚህ ለጉንፋን፣ ለቀላል ማቅለሽለሽ፣ ለጉሮሮ መከርከር የእናታችሁን ሙያ አትናቁ። ነገር ግን ወባ ባለበት አገር ትኩሳት ከያዛችሁ በዚያው ቀን ደማችሁን አስመርምሩ። አንገት ቢደርቅ፣ ትንፋሽ ቢያጥር፣ ሰገራ ደም ቢቀላቅል፣ ሕመምተኛውም ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ቢሆን፣ ዳማከሴው እስኪያልብ አትጠብቁ።

ደግሞም በሚመጣው ዕረፍት ወደ አገር ቤት ስትሄዱ አንድ ደብተር ያዙ። እናታችሁን ወይም አያታችሁን «የትኛው ቅጠል? ሥሩ ነው ወይስ ፍሬው? ስንት እፍኝ? ለየትኛው ሕመም?» ብላችሁ ጠይቁና ጻፉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዐድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ስላዩ ነው የእንዶድን ኀይል ለዓለም ያሳወቁት። እንዶዱን ሴቶቹ ከጥንት ያውቁት ነበር፤ እርሳቸው ቆም ብለው አዩ፣ ጠየቁ፣ ፈተኑ። እኔም ባለፈው ክረምት የእናቴን መድኃኒቶች ጽፌአለሁ። ልኩን ስጠይቃት «በዐይን ነው እንጂ ምን ልክ አለው!» ብላ ሣቀችብኝ፤ ቢሆንም በማንኪያ አስለክቼ ጻፍሁት።