በመገጣጠሚያ ቅየራ ጊዜ ደም ስለሚቈጥብ መድኃኒት

በአዊ ምድር ፈረስ ክብር ነው፡፡ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ያየ ሰው ይህን ያውቃል፡፡ ነገር ግን ከፈረስ የወደቀ ጐልማሳ ወይም በደጃፉ የተንሸራተተ ሽማግሌ የጭኑ አጥንት ከዳሌው አጠገብ ቢሰበርበት፥ የወጌሻ እሽት አያድነውም፡፡ ለአንዳንዱ ሐኪሞች የተጐዳውን መገጣጠሚያ አውጥተው ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራ ይተኩለታል፡፡

ይህ ቀዶ ጥገና ብዙ ደም ያስፈስሳል፡፡ በሥጋ ውስጥ ያለ የደም ሥር በክር ይታሰራል፤ ከተቈረጠ አጥንት የሚያዠው ደም ግን በክር አይታሰርም፡፡ የሚፈሰውም አንዳንድ ጊዜ ከ1 ሊትር ያልፋል፡፡ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚለግሰው ደም ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም፡፡ ከዳንግላ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ሕመምተኛ ደግሞ ዘመዶቹን ሁሉ አስከትሎ አይሄድም፡፡

ችግሩን የሚያብሰው የሰውነታችን የራሱ ሥራ ነው፡፡ ፕላስሚን የሚባል ንጥረ ነገር የረጋውን ደም መልሶ ያሟሟል፡፡ ይህ በደኅና ጊዜ የደም ሥር እንዳይደፈን የሚረዳ በጎ ሥራ ሲሆን፥ በቀዶ ጥገና ጊዜ ግን የተዘጋውን ቍስል እንደ መክፈት ነው፡፡ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው መድኃኒት ይህ ንጥረ ነገር ከረጋው ደም ጋር እንዳይጣበቅ ይከለክለዋል፡፡ እንግዲህ መድኃኒቱ ደምን የሚያረጋ አይደለም፤ የረጋው እንዳይሟሟ ይጠብቃል እንጂ፡፡ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ ይህን ልዩነት ልብ ቢሉት መልካም ነው፡፡

መድኃኒቱን እ.ኤ.አ. በ1962 ያስታወቁት ጃፓናውያኑ ዶክተር ኡታኮ ኦካሞቶና ባለቤታቸው ሾሱኬ ኦካሞቶ ናቸው፡፡ ብዙውን ጊዜ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት 1 ግራም ያህል በደም ሥር ይሰጣል፤ ቀደም ብሎ በኪኒን የሚሰጥበትም አለ፡፡ በዚህም ምክንያት የሰው ደም መቀበል ግድ የሚሆንባቸው ሕሙማን ቍጥር በብዙ ቀንሷል፡፡ ዋጋውም ከባድ አይደለም፡፡ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ለሚፈስሳቸው እናቶች በ3 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ መምከሩ ለእኛ አገር ከመገጣጠሚያው ነገር ይልቅ የሚበልጥ ጥቅም ሳይሆን አይቀርም፡፡

ሆኖም መድኃኒቱን ማዘዝ የሐኪም ሥራ ነው፡፡ ከዚህ ቀደም በእግሩ ወይም በሳንባው የደም ሥር ውስጥ ደም የረጋበት፥ ኩላሊቱን የሚያመው ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፡፡ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን ኪኒን የሚወስድም ኪኒኑን ከነማሸጊያው ይዞ ይቅረብ፡፡