የአብደራፊ ሰሊጥ ስም እስከ የት ይደርሳል?

አብደራፊ ላይ የሰሊጥ አጨዳ ቀን አይሰጥም። ቆባው ማሳ ላይ ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሳሉጉ፣ ማለትም የወቅቱ የቀን ሠራተኛ፣ ተሽቀዳድሞ ያጭደዋል፣ ነዶውን አስሮ በሂላ (በክምር) ያቆመዋል፣ ሲደርቅ ሸራ ላይ ዘቅዝቆ ያራግፈዋል። በዓለም ገበያ የሁመራና የጎንደር ዓይነት የሚባለው ነጭ ሰሊጥ የሚወጣው ከዚህ ቆላ ነው። ይህን ያህል የተለፋበት ምርት ግን ብዙውን ጊዜ በጆንያ ተጭኖ ይወጣል፤ ሌላው አገር ፈጭቶ፣ አሽጎ፣ በራሱ ስም ይሸጠዋል።

አንድ የአካባቢው ነጋዴ ሰሊጡን ፈጭቶ በማሰሮ ቢያሽግና ስም ቢያወጣለት ሕጉ ከጎኑ ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተመዘገበ የንግድ ምልክት 7 ዓመት ይጠበቅለታል፤ ከዚያም ይታደሳል። ማሰሮው የተለየ ቅርጽ ካለው ደግሞ በኢንዱስትሪያዊ ንድፍነት ለብቻው ይመዘገባል። ችግሩ ከመተማ ዮሐንስ ድንበሩን አልፎ ወደ ሱዳኗ ገላባት ሲሻገር ነው። ምዝገባው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ስለሚጸና፣ ሱዳን ውስጥ ያንኑ ስም ሌላ ሰው ቢለጥፈው በአዲስ አበባው የምስክር ወረቀት መክሰስ አይቻልም።

በሌላ አካባቢ ያሉ ጎረቤታሞች ይህን በጋራ ፈትተውታል። ቤኔሉክስ የሚባሉት ቤልጂየም፣ ኔዘርላንድስና ሉክሰምበርግ አንድ የምልክትና የንድፍ ሕግ አላቸው። በአንድ ማመልከቻ የተመዘገበ ምልክት በሦስቱም አገሮች ይጸናል፤ ሲሰረዝም በሦስቱም ይሰረዛል፣ ለአንዱ ብቻ ማስቀረት የለም። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ያውንዴ የሆነው የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ኦአፒም በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ለሆኑ 17 የአፍሪካ አገሮች እንዲሁ ይሠራል።

በእኛ በኩል ያለው የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት አሪፖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በሉሳካ ስምምነት ተቋቋመ፤ መቀመጫው ሐራሬ ነው። ጠባዩ ከቤኔሉክሱ ይለያል፦ አመልካቹ ጥበቃ የሚፈልግባቸውን አገሮች ይመርጣል፣ እያንዳንዱ አገርም አልቀበልም ማለት ይችላል። ለንድፍ የሐራሬ፣ ለንግድ ምልክት የባንጁል ፕሮቶኮል አለ፤ ሁለቱንም ያልፈረሙ አባላት ግን አሉ። ሱዳንና ኬንያ የአሪፖ አባል ናቸው። ኢትዮጵያ ግን አይደለችም፤ ይህ እንደ እኔ እምነት የዘገየ ጉዳይ ነው።

የጋራ ምዝገባን ጥቅም መንግሥታችን ያውቀዋል። ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ሲያስመዘግብ ለአሜሪካ፣ ለጃፓንና ለካናዳ ለየብቻ ማመልከት ነበረበት፤ በአሜሪካው ምክንያትም ከስታርባክስ ጋር ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ተስማማ። ለአውሮፓ ኅብረት ግን የኅብረቱ አባል አገሮች በሙሉ የሚጋሩት አንድ መዝገብ አለ፤ ቢሮው ስፔን፣ አሊካንቴ ከተማ ነው። የቡናን ስም ከፓሪስ እስከ ዋርሶ በአንድ ማመልከቻ የሚያስከብር መንገድ እያለ፣ የአብደራፊው ሰሊጥ አሻጊ ለአጎራባቹ ገዳሪፍ ገበያ ለሱዳን መዝጋቢ ለብቻው ማመልከት፣ እዚያው ወኪል መያዝና ክፍያውን እንደገና መክፈል አለበት። የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣና የአእምሯዊ ንብረት ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ጸድቋል፤ ኢትዮጵያ የቀጣናው አባል ስለሆነች፣ አሪፖን ለመቀላቀል የሚነሳው ጥያቄ ከዚሁ ጋር አብሮ ቢታይ ለቆላው ነጋዴ ይቀለዋል።